ወደ ባሕር ማዶ ስለሚላክ ስንቅና ስለ ጉምሩክ ሕግ

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ያለ ስንቅ አይሸኝም። ልጅ ለትምህርት ሲርቅ፥ ወታደር ለዘመቻ ሲነሣ፥ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ፥ እናት በሶውን ፈጭታ፥ ድርቆሹን አዘጋጅታ፥ በርበሬውን ቀምማ ታስጭናለች። ስንቅ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ ከቤት የወጣ ሰው ቤቱ እንዳልረሳው የሚያውቅበት ምልክት ነው። ዛሬ ልጆቻችን በአሜሪካና በኤውሮፓ፥ በእስራኤልና በዐረብ አገሮች ተበትነው ስለሚኖሩ ስንቁም ባሕር የሚሻገር ሆኗል። ጫኚዋ በቅሎ አይሮፕላን ሆነች፤ በመንገዱም ላይ እንደ ቀድሞው ዘመን ኬላ የየአገሩ ጉምሩክ ቆሞ ይጠብቃል።

ይህ ነገር በየቤቱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አንዱ «የላክሁት ሁሉ በደኅና ደረሰ» ይላል፤ ሌላው «እንዲሁ ያለ ምክንያት ወሰዱብኝ» እያለ ያዝናል። እኛ ግን ነገሩን መርምረን እንዳየነው ያለ ምክንያት የሚወሰደው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ሕጉን ባለማወቅ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ያልነውን በዚህ ገጽ እንጽፋለን። አስቀድመን ግን የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን፤ ምክር የሚሰጥ ሰው ከየት እንደ ተማረው ቢናገር ይታመናልና።

የምናውቃቸው አንዲት ወይዘሮ ነበሩ። ሴት ልጃቸው በጀርመን አገር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በደረሰች ጊዜ ሄደው ሊያርሷት አስበው ነበር፤ ነገር ግን የመግቢያው ፈቃድ በጊዜው ስላልደረሰላቸው ቀሩ። እርሳቸው ቢቀሩም እጃቸው እንዳይቀር ብለው የአጥሚቱን እህልና የገንፎውን ዱቄት ራሳቸው አሰናዱ፤ ለጋ ቅቤ አስመጥተው በኮረሪማና በኮሰረት አነጠሩ፤ ምጥን ሽሮና በርበሬ ጨመሩ፤ ለሕፃኑ መታቀፊያም የሚሆን ትንሽ ጋቢ አሠርተው ከላይ አኖሩ። ይህን ሁሉ በአንድ ሣጥን ካሰናዱ በኋላ፥ ጽሕፈት ታውቃላችሁ ብለው የፖስታ ቤቱን ወረቀት እንድንሞላላቸው ወደ እኛ አመጡት። እኛም ሳናስብ «ስጦታ፤ ዋጋ የሌለው» ብለን በሁለት ቃል ጽፈን ሰጠናቸው። ለዘመድ በነፃ የሚላክ ነገር ዋጋ ምን ያስፈልገዋል? ብለን ነበር።

ሣጥኑ ጀርመን አገር በደረሰ ጊዜ በውስጡ ያለው ስላልታወቀ ጉምሩክ ያዘው። ልጅቱም በወለደች በጥቂት ቀን ቀርባ እንድታስከፍት የሚጠራ ደብዳቤ ደረሳት። ባሏ በሥራ ላይ ስለ ነበረ አራሷ ሕፃኗን አቅፋ በብርድ ሄደች። ሣጥኑ በፊቷ ተከፈተ። ቅቤው ሕግ የከለከለው ስለ ሆነ ተወሰደ። በመንገድም ቀልጦ ወደ ዱቄቱና ወደ አጥሚቱ እህል ፈስሶ ስለ ነበረ እነዚያም አብረው ተወሰዱ። ይዛ የተመለሰችው በርበሬውን፥ ሽሮውንና ጋቢውን ብቻ ነበር። በዚያው ማታ እናቷ በስልክ «ደረሰልሽ ወይ?» ብለው ቢጠይቋት «ደርሶልኛል እማዬ፤ ገንፎውንም በቅቤው በላሁ» አለቻቸው። እናትም ደስ ብሏቸው ተኙ። እውነቱን የሰሙት ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ እኛም የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የጉምሩክን ወረቀት በሁለት ቃል አንሞላም።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ብዙ ሰው የውጭ አገር ጉምሩክ ቅቤና ቋንጣ ሲከለክል ምግባችንን የናቀ ይመስለዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የዚህን ሕግ ምክንያት ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባን ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የከብት በሽታ መጣ፤ በአገራችን ያለውንም የቀንድ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ረኃብም ተከተለ፤ ያም ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እየተባለ ይነገራል። ያ የደስታ በሽታ የሚባለው መቅሠፍት ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንደዚሁም በእንግሊዝ አገር በ1993 ዓ.ም. አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ገብቶ ከስድስት ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት ታረዱ፤ መነሻውም ያለ ፈቃድ ከውጭ የገባ ሥጋ ሳይሆን እንዳልቀረ መርማሪዎች ተናገሩ። እንግዲህ የጉምሩኩ ሹም የእናትን ቅቤ ሲወስድ ስለ ራሱ አገር በሬና ላም መፍራቱ ነው እንጂ ስለ እናትየዋ እጅ ንጽሕና መፍረዱ አይደለም።

በዚህ ምክንያት የኤውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ ካሉ አገሮች ሥጋና ወተት፥ ከእነዚህም የተሠራውን ሁሉ፥ ከጥቂት ለይተው ከፈቀዷቸው አገሮች በቀር፥ በግል ጥቅል መላክን ይከለክላሉ። ስለዚህ ቋንጣ፥ ቅቤ፥ አይብ፥ በቅቤ የታሸ ጭኮም ወደ ኤውሮፓ አይላክም። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እንግሊዝ አገርም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ከእኛ አገር የሚላከውን ሥጋና ወተት መከልከሏን አልተወችም። ወደ አሜሪካም ቋንጣ ቢላክ አፍተግር ካለበት አገር የመጣ ሥጋ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

ስለ ተክልም እንደዚሁ ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኤውሮፓ ኅብረት የሚገባ እርጥብ ተክልና የሚዘራ ዘር፥ ፍራፍሬም ቢሆን፥ የእርሻ ባለሥልጣን የሰጠው የተክል ጤና ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ነፃ የሆኑት አናናስ፥ ሙዝ፥ ኮኮናት፥ ቴምርና ዱሪያን የተባለው የእስያ ፍሬ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እርጥብ ጤና አዳምና በሶብላ በሣጥኑ ውስጥ አይክተቱ። ደርቆ የተፈጨው ቅመም ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። አሜሪካም የሚዘራ ዘርን ያለ ማስረጃ አታስገባም። ያልተቆላ ቡና ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ቢገባም ቡና በሚበቅልባቸው በሃዋይና በፖርቶ ሪኮ ደሴቶች ግን ይከለከላል፤ የቡና በሽታ እንዳይገባባቸው ይፈራሉና። የተቆላው በየትም ይገባል።

ጫትን በሚመለከት ልንሸፋፍን አይገባንም። በአሜሪካ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከብርቱዎቹ የተከለከሉ መድኃኒቶች ጋር ተቈጥሯል፤ በእንግሊዝ አገርም ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ በሳዑዲ ዐረቢያም ክልክል ነው። ደርቆ «ሻይ ቅጠል» ተብሎ የተላከ ጫት የተቀባዩን ልጅ ወኅኒ ሊያስገባው ይችላልና፥ ለወዳጅ ይህን መላክ ስጦታ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ጠጅና አረቄም በአሜሪካ ፖስታ አይላኩም፤ በሳዑዲና በኩዌትም መጠጥ በጠቅላላው ክልክል ነው።

ሁለተኛው ነገር የቀረጥ ጉዳይ ነው። ብዙ አገሮች ሰው ለሰው በነፃ የሚልከውን ስጦታ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ከቀረጥ ነፃ ያደርጋሉ። በኤውሮፓ ኅብረት ወሰኑ 45 ዩሮ ነው፤ በእንግሊዝ አገር 39 ፓውንድ ነው፤ በአሜሪካ 100 ዶላር ነው። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣውን ጥቅል ሁሉ ያለ ቀረጥ ታስገባበት የነበረውን ሥርዓት በነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሁሉም አገር አቁማለች፤ እስከ 100 ዶላር የሚደርሰው እውነተኛ ስጦታ ግን በዚያ ትእዛዝ አልተነካም። ብዙዎች ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ይህን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ስጦታ ስለ ተባለ ብቻ ስጦታ አይሆንም። ላኪውም ተቀባዩም ነጋዴ ሳይሆኑ ተራ ሰው መሆን አለባቸው፤ ተቀባዩ ገንዘብ ከፍሎበት መሆን የለበትም፤ ዕቃውም ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚሆን እንጂ የሚሸጥ መሆን የለበትም። ልጁ ገንዘብ ልኮ «ሃያ ኪሎ በርበሬ ላኩልኝ፤ ለጎረቤት እሸጣለሁ» ቢል ያ ንግድ ነው፤ የንግድ ሥርዓትም ይከተለዋል። ዋጋው ከወሰኑ ካለፈም ተቀባዩ ቀረጡን ይከፍላል እንጂ ዕቃው አይወረስም። ዋጋን አሳንሶ መጻፍ ግን ዕቃውን ያስይዛል፤ መቀጫም ያመጣል፤ ጥፋቱም በላኪው ላይ ሳይሆን በሩቅ ባለው ልጅ ላይ ይወድቃል።

ቡናን ለብቻው እናንሣው፤ ያለ ቡና የሚታሰር ስንቅ የለንምና። በጀርመን አገር የተቆላ ቡና በኪሎ 2.19 ዩሮ የሚከፈልበት የራሱ ግብር አለው። ስለዚህ ወደዚያ በሚላክ የስጦታ ጥቅል ውስጥ ነፃ የሚሆነው ቡና 500 ግራም ብቻ ነው። ከእኛም አገር በኩል ቡና መንግሥት የሚቆጣጠረው የንግድ ዕቃ ስለ ሆነ ለግል ስንት ያህል መላክ እንደሚቻል ጥቅሉ ሳይታሰር ፖስታ ቤቱን ወይም ጉምሩኩን መጠየቅ ይገባል።

ስለ አገራችን ሕግ ካነሣን አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ከአያት የወረደ የብራና መጽሐፍ፥ አሮጌ መስቀል፥ ጥንታዊ ሥዕል ወደ ውጭ መላክ በቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው። ሰው ለልጁ በረከት ይሁን ብሎ ቢልከው እንኳ ሕጉ አይፈታለትም። አዲስ የተሠራ መስቀል ቢሆንም አሮጌ የሚመስል ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን አውጥቶ መላክ ከብዙ ድካም ያድናል።

አሁን እኛ ወደ ተሳሳትንበት ወደ ወረቀቱ እንደርሳለን። አገራችን የፖስታ ሥራን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ጀመረች፤ በ1867 ዓ.ም. ወደ ተቋቋመው ወደ ዓለም ፖስታ ኅብረትም በ1901 ዓ.ም. ገባች። በዚህ ኅብረት ያሉ አገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት የጉምሩክ ወረቀት አላቸው፤ ለትንሹ ጥቅል «ሲኤን 22»፥ ለትልቁ «ሲኤን 23» ይባላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር ከጥቅሉ ቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ተቀባዩ አገር እንዲደርስ በብዙ አገር ግዴታ ሆኗል። ይህም ማለት የውጭ አገሩ ሹም ሣጥኑን ሳያይ አስቀድሞ ቃላችንን ያነባል። ወረቀቱ እንግዲህ ለማያውቀን ሰው የምንጽፈው ደብዳቤ ነው፤ በዚያም ደብዳቤ ይፈርድልናል ወይም ይፈርድብናል።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲሞላ እነዚህን ነገሮች መጠበቅ ይገባል።

አንደኛ፥ እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው በስሙ ይጻፍ። «ምግብ» ወይም «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። «ሽሮ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍም ባዕዱ ሹም አያውቀውም፤ «የተቆላ የአተር ዱቄት ከቅመም ጋር፤ ወተትም ሥጋም የሌለበት» ቢባል ግን ያውቀዋል። በርበሬም «ደርቆ የተፈጨ ቃሪያ ከቅመም ጋር» ይባል። ጽሕፈቱም በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ወይም ተቀባዩ አገር በሚቀበለው ቋንቋ ይሁን።

ሁለተኛ፥ የእያንዳንዱ ክብደትና እውነተኛ ዋጋ ይጻፍ። በገበያ የተገዛበት ዋጋ ነው የሚጻፈው፤ በቤት የተሠራ ከሆነም ቢገዛ የሚያወጣውን መገመት ይበቃል። «ዋጋ የሌለው» የሚባል ነገር በጉምሩክ ዘንድ የለም።

ሦስተኛ፥ ለዓለም ንግድ ሁሉ የወጣው የዕቃ መለያ ቍጥር ከታወቀ ይጨመር። ለምሳሌ የተቆላ ቡና 0901.21፥ ያልተቆላው 0901.11 ነው። ቍጥሩ ቋንቋ ለማይግባቡ ሹማምንት የጋራ ቋንቋ ነው።

አራተኛ፥ ወደ አሜሪካ የሚላክ ከሆነ በውጭው ላይ ያልተጠየቀ ስጦታ መሆኑ፥ የላኪው ስም፥ የዕቃው ዓይነትና ዋጋው ይጻፍ። በአንድ ሣጥን ለብዙ ወንድሞችና እኅቶች የሚላክ ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ተጠቅልሎ ስሙ ይጻፍበት፤ እንዲህ ከሆነ የመቶ ዶላሩ ወሰን ለእያንዳንዳቸው ይቈጠርላቸዋል። ደግሞም እናቶችን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር አለ፤ ወደ አሜሪካ ለሚገባ ምግብ አስቀድሞ ማስታወቂያ እንዲሰጥ የሚያዝዘው ሕግ፥ ሰው በገዛ ቤቱ ሠርቶ ለሰው በስጦታ የሚልከውን ምግብ ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጎታል።

አምስተኛ፥ ዕቃው ሲታሰር የዱቄቱ ዓይነት ሁሉ በየራሱ መያዣ ታሽጎ ስሙ ይለጠፍበት። አንዱ ቢከለከል ሌላው አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ሽቶ፥ የሲጋራ ማቀጣጠያና ለብቻው የሚላክ የባትሪ ድንጋይ በአይሮፕላን ላይ እሳት ሊያስነሡ ስለሚችሉ አይጨመሩ። ገንዘብና ወርቅም በተራ ጥቅል ውስጥ አይደበቁ። ሣጥኑም ሹሙ ልይ ቢል እንዲታይ ወደ ፖስታ ቤት ሳይሰፋ ይሂድ።

ይህ ሁሉ ለአንድ ኪሎ በርበሬ የበዛ ድካም ሊመስል ይችላል። እኛም እንዲህ ይመስለን ነበር። ነገር ግን በብርድ ቀን ሕፃን ታቅፋ በጉምሩክ በር የቆመችውን አራስ ባሰብን ጊዜ፥ እዚህ የሚጻፈው የሩብ ሰዓት ጽሕፈት እዚያ የስንት ቀን እንግልት እንደሚያስቀር ይታየናል። የላኪ ቸልተኝነት የተቀባይ ሸክም ነው።

ወይዘሮዋ እውነቱን በሰሙ ጊዜ ለጥቂት ቀን አዝነው ነበር፤ ከዚያ ግን ብልሃት አገኙ። ልጃቸው ሁለተኛ ልጇን በወለደች ጊዜ ቅቤውን ተዉትና የሚነጠርበትን ቅመም አሰናዱ፤ ኮረሪማውን፥ አብሹን፥ ኮሰረቱን፥ ጥቁር አዝሙዱን አድርቀው ፈጭተው በየመያዣው አሸጉ። እኛም ወረቀቱን በዝርዝር ሞላን፤ ወይዘሮዋ ደግሞ የአነጣጠሩን ሥርዓት በደብዳቤ አስጻፉን፤ መቼ እሳቱ እንደሚበርድ፥ መቼ ኮሰረቱ እንደሚገባ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩን። ሣጥኑ ሳይከፈት ደረሰ። ልጅቱ ከሰፈሯ ገበያ ተራ ቅቤ ገዝታ በእናቷ ቅመም አነጠረች። በስልክም «እማዬ፤ ቤቱ ሁሉ አንቺን አንቺን ሸተተ» አለቻቸው። ይህን ጊዜ የተናገረችው እውነት ነበረ።

ሕግ ቅቤን ሊከለክል ይችላል፤ የእናትን እጅ ግን አይከለክልም፤ ብቻ በእውነት ጽፎ መላክን ይጠይቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፥ በእውነት የተጻፈ ወረቀት በስንት ኬላ ቢያልፍ አያሳፍርም። አንባቢዎቻችንም በሚመጣው በዓል ለልጆቻችሁ ስንቅ ስታስሩ፥ ሣጥኑን ከመስፋታችሁ በፊት ወረቀቱን አንድ ጊዜ እንደ ባዕድ ሆናችሁ እንድታነቡት እናሳስባለን።